የወታደር ባለቤቶች ሥራና ድጋፍ በኢስት ዮርክ

ኢስት ዮርክ ከቶሮንቶ መሀል ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዶን ወንዝ ማዶ የሚገኝ የቀድሞ የሠራተኞች ሰፈር ነው። በ1924 ራሱን የቻለ ወረዳ ሆነ፤ በ1967 ከጎረቤቱ ከሊሳይድ ጋር ተዋሐደ፤ በ1998 ወደ ቶሮንቶ ከተማ ተጠቃለለ (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚታወቁበት የዳንፎርዝ ጎዳና ከቀድሞው ደቡባዊ ወሰኑ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በ1917 በሊሳይድ ተከፍቶ ከነበረው የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ሜዳ በስተቀር ስሙ ከጦር ሰፈር ጋር አይነሣም። ሆኖም ባሏ የዘመተባት ሴት አንዴ በእርዳታ ስትጠበቅ፣ አንዴ ለፋብሪካ ስትፈለግ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ወደ ማጀት ስትመለስ እዚህ ሰፈር ውስጥ በቅርብ ይታያል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኢስት ዮርክ ገና የዮርክ ወረዳ አካል ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከብሪታንያ አዲስ የመጡ፣ ጣውላ እያጋጠሙ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው የሠሩ ላብ አደሮች ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ የካናዳ ዘማቾች አብዛኛዎቹም የብሪታንያ ተወላጆች ናቸው። ተራ ወታደር በቀን 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያገኛል። ከዚያ ላይ ለሚስቱ ተቆራጭ ይላካል፣ መንግሥትም በወር 20 ዶላር የመለያየት አበል ይጨምርላታል። ጉድለቱን እንዲሞላ በ1914 የካናዳ ፓትሪዮቲክ ፈንድ ተቋቋመ። በኢትዮጵያ በ1977ቱ የሚሊሺያ ዘመቻ የገበሬ ማኅበራት የዘማቹን ማሳ እንዲያርሱ ይጠበቅባቸው ነበር። የቶሮንቶው ዘማች ግን ትቶት የሄደው የሳምንት ደመወዝ እንጂ ማሳ ስላልነበረ ምትኩ ሊሆን የሚችለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነበር።

የፈንዱ ገንዘብ ከበጎ አድራጊዎች የተዋጣ ነበርና እንደ መብት አልተቆጠረም። ባለጸጋ ወይዛዝርት ከቤት ቤት እየዞሩ የቤቱን ንጽሕና፣ የልጆቹን ሁኔታ፣ የሴትየዋን ጠባይ ይመረምራሉ፤ ጠባይዋ አልተወደደም የተባለች እርዳታዋ ሊቋረጥ ይችላል። ባል በግንባር፣ ሚስት በምርመራ መሆኑ ነው። የዘማቾች እናቶች፣ ሚስቶች፣ እኅቶችና ሴት ልጆች ግን በ1917 በፌዴራል ምርጫ የመምረጥ መብት ከሌሎች ሴቶች ቀድመው አግኝተዋል። ምክንያቱ ውለታ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ለግዴታ ምልመላ ፖሊሲው ድምፅ ይፈልግ ነበር።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የኢስት ዮርክ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው በመንግሥት እርዳታ እስከ መኖር ደርሷል። ሥራ አጦቹ የኢስት ዮርክ ሠራተኞች ማኅበርን አቋቁመው ከቤት ማስለቀቅን እየተቃወሙ ሰልፍ ይወጡ ነበር። እንዲህ ባለ ሰፈር በ1939 ጦር መመዝገብ የአገር ፍቅር ብቻ ሳይሆን የደመወዝ ጉዳይም ነበር። የወታደሩ ሚስት በወር 35 ዶላር አበል፣ ከዚያም በላይ የባሏን ተቆራጭና የልጆች ተጨማሪ ታገኝ ጀመር። በዓመታት ውስጥ የማያቋርጥ ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ያየ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። በ1940 የተቋቋመውና የራዳርና የመነጽር መሣሪያ የሚሠራው ሪሰርች ኢንተርፕራይዝስ በሊሳይድ ሺዎችን ቀጠረ። በምሥራቅ በኩል፣ በስካርቦሮ፣ ጄኮ የሚባለው የጥይት መሙያ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን ከ21,000 በላይ ሰዎችን አሠራ፤ አብዛኛዎቹ ሴቶች ነበሩ። ባሩድ የምትሞላ እናት ልጇን የት ታድርገው? በ1942 የፌዴራሉና የኦንታሪዮ መንግሥታት ወጪውን እኩል ተካፍለው የሕፃናት ማቆያ ለመክፈት ተስማሙ፤ ቅድሚያ የተሰጠውም በጦር ኢንዱስትሪ ለሚሠሩ እናቶች ነው። የግብር ሕጉም ላላ። የሚስት ደመወዝ የቱንም ያህል ቢሆን ባል ለባለትዳር የሚሰጠውን ቅናሽ አያጣም ተባለ።

አብዛኛው ከጦርነቱ ጋር አበቃ። የፌዴራሉ የማቆያ ገንዘብ በ1946 ተቋረጠ። የቶሮንቶ እናቶች ተደራጅተው ስለ ጮኹ በኦንታሪዮ የተወሰኑት ማቆያዎች በክፍለ ሀገሩ ሕግ ሥር ተረፉ። በ1947 የግብር ቅናሹ ተመልሶ ተጠበቀ፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያገባች ሴት በቋሚነት እንዳትቀጠር የሚከለክለው ደንብም እስከ 1955 ቆየ። በምትኩ የተሰጠው ቤት ነው። በኦኮነርና በሴንት ክሌር ጎዳናዎች አጠገብ ለተመላሽ ወታደሮች የተሠራው የቶፕሃም ፓርክ ሰፈር ጣሪያቸው ሾጣጣ የሆነ ትንንሽ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። መናፈሻው የተሰየመው በመጋቢት 1945 ከራይን ወንዝ ማዶ ቁስለኞችን በተኩስ ውስጥ በማንሣቱ የቪክቶሪያ መስቀል በተሸለመው የቶሮንቶ ተወላጅ ፍሬድሪክ ቶፕሃም ነው። ከጎዳናዎቹም አንዱ ቫሎር፣ ሌላው ዋርቬት ይባላል፤ ጀግንነትና የጦር ተመላሽ ማለት ነው። በጦር ጀርባ ስለ ሠራችው ሚስት የሚናገር ጎዳና ግን በስሞቹ መካከል አይታይም። ባሎቻቸውን ተከትለው ከአውሮፓ ወደ ካናዳ የመጡት 48,000 ገደማ የጦርነት ሙሽሮችም አዲስ ኑሮ የጀመሩት እንዲህ ባሉ ሰፈሮች ነበር።

የኢስት ዮርክ ነዋሪ የነበረችው አግነስ ማክፌል ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘችው። በ1921 የካናዳ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት አባል የሆነችው ማክፌል በ1943 ዮርክ ኢስትን ወክላ ለኦንታሪዮ ምክር ቤት ተመረጠች። በ1951 የወጣውና ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚደነግገው የኦንታሪዮ ሕግ፣ በካናዳ የመጀመሪያው፣ በእርሷ ጉትጎታ ነው የመጣው። ስለ ወታደር ሚስት ምንም ባይልም ከማንኛውም አበል ይልቅ ለሥራዋ የጠቀማት ይህ ይመስላል።

ዛሬ የወታደር የትዳር አጋር ባልም ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ በአመዛኙ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ነው። የመከላከያ ዕንባ ጠባቂው በ2013 ባወጣው ሪፖርት ተደጋጋሚ ዝውውር፣ መለያየትና የሥራው አደጋ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚጎዱ ዘርዝሯል። የትዳር አጋር በየዝውውሩ ሥራ ትለቃለች፣ የሙያ ፈቃዷን ከአዲሱ ክፍለ ሀገር እንደገና ትጠይቃለች፣ የልጆች ማቆያ ወረፋ ከመጨረሻ ትጀምራለች። የሥራ አጥነት መድን ሕጉ የትዳር አጋርን ለመከተል ሥራ መልቀቅን በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ኦንታሪዮም ከ2023 ጀምሮ በሌላ ክፍለ ሀገር የተመዘገቡ የተወሰኑ የጤና ባለሙያዎች ምዝገባቸውን እየጠበቁ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ለነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ምንም አይለውጥም።

አገር አቀፉ የወታደር ቤተሰቦች አገልግሎት በ1991 ተጀመረ። ለቶሮንቶ አካባቢ የሚሠራው የቤተሰብ መርጃ ማዕከል መቀመጫው በሰሜን በኩል በዳውንስቪው ስለሆነ ከኢስት ዮርክ ለሚሄድ ሰው ቅርብ አይደለም። ማዕከሉ በሥራ ፍለጋ፣ በትምህርት፣ በድንገተኛ የልጆች ጥበቃና ባል ወይም ሚስት ሲዘምት በሚያስፈልገው ድጋፍ ይረዳል። እንዲህ ያሉ ማዕከላት የሚመሩት ከግማሽ በላይ አባላቱ የወታደር የትዳር አጋሮች በሆኑ ቦርዶች ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሩን ሚስት ቤት ስትመረምር ከነበረችው ወይዘሮ አንጻር ሲታይ ሥልጣኑ እጅ ቀይሯል። ጦሩ በ2022 ለቋሚ ነዋሪዎች በሩን ስለከፈተ፣ እንደ ቶርንክሊፍ ፓርክ ባሉ የስደተኛ ሰፈሮች የሚኖሩ የትዳር አጋሮችም በዚህ አገልግሎት የመጠቀም ዕድል አላቸው። የእነርሱ ችግር ግን በዝውውር አይጀምርም፤ ከውጭ አገር ይዘው የመጡት ዲፕሎማና የሥራ ልምድ ገና እዚያው ቶሮንቶ ውስጥ ዕውቅና ይጠብቃል።