ሕግና ማድ ቤት፤ የቻይና ስደተኞች በአሜሪካ ምግብ ቤቶች

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ስለሚኖሩት ቻይናውያን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም ቻይናዊ በተፈጥሮው ወጥ ማብሰልና መነገድ ስለሚያውቅ በሄደበት አገር ሁሉ ምግብ ቤት ይከፍታል የሚል ነው። አስተያየቱ ለአፍ ይቀላል እንጂ ከታሪኩ ጋር አይስማማም። ወደ አሜሪካ አስቀድመው ከተሻገሩት ቻይናውያን አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ፤ በአገራቸውም ሳሉ ማድ ቤት የሚገቡት እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸው እንጂ እነርሱ አልነበሩም። እነዚህን ሰዎች ወደ ምግብ ቤት ሥራ ያዞራቸው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከድስቱ ይልቅ የአሜሪካን የሕግ መጽሐፍ ቢመረምር ይሻለዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1848 በካሊፎርንያ ወርቅ መገኘቱ ከተሰማ በኋላ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የጐረፉት ቻይናውያን ከሞላ ጐደል ሁሉም የደቡብ ቻይና ሰዎች፣ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተወላጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ ታይሻን ከሚባለው ወረዳና ከአጐራባቾቹ የመጡ ናቸው። የሚበዙት ወንዶች ሲሆኑ ዐሳባቸውም ገንዘብ አጠራቅመው ወደ አገራቸው መመለስ ነበር። ከወርቁ ቀጥሎ ትልቁ ሥራ የባቡር ሐዲድ ሆነ። የአሜሪካን ምሥራቅና ምዕራብ በ1869 ያገናኘውን ሐዲድ በምዕራቡ በኩል ከሠሩት መካከል ቻይናውያኑ ከ10 ሺህ አያንሱም ነበር። እነዚህ ሠራተኞች በየቡድናቸው የራሳቸውን ወጥ ሠሪ እየቀጠሩ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና አትክልት ይመገቡ ነበር፤ የሚጠጡትም የፈላ ሻይ ስለ ነበረ ጥሬ ውሃ ከሚጠጡት ነጮች ይልቅ ከሆድ በሽታ ይድኑ ነበር። ለስደተኛው ቻይናዊ የወጥ ሠሪነት ሥራ በብዙ ቦታ የጀመረው እንዲህ፣ ሴት በሌለበት ሰፈር ለወገን በማብሰል ነው።

ሐዲዱ ካለቀ በኋላ የገንዘብ ችግር በመጣ ጊዜ ሥራ ያጡት ነጮች ቍጣቸውን በቻይናውያን ላይ አወረዱት። ጥላቻው ግን ከችግሩ በፊትም የነበረ ነው። በ1871 በሎስ አንጀለስ፣ በ1885 ደግሞ በዋዮሚንግ ግዛት በሮክ ስፕሪንግስ የከሰል ማዕድን ሰፈር ቻይናውያን በአመፀኞች እጅ ተገደሉ፤ በሮክ ስፕሪንግስ ብቻ የሞቱት ከ28 አያንሱም። በሁለቱ ግድያዎች መካከል፣ በ1882፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የቻይና የጉልበት ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚከለክለውን ሕግ አወጣ። ሕጉ መጀመሪያ ለ10 ዓመት ቢባልም በ1892 ታደሰ፤ በ1904 ወሰን የሌለው ሆነ፤ እስከ 1943ም ጸንቶ ቈየ። ቻይና ተወልዶ የመጣ ሰው የአሜሪካን ዜግነት እንዳያገኝም በዚያው ተከለከለ። በ1890 ቈጠራ ከ107 ሺህ በላይ የነበሩት ቻይናውያን በ1920 ወደ 62 ሺህ ወረዱ። በ1890 ለአንዲት ቻይናዊት 27 ያህል ወንዶች ይደርሱ ስለ ነበረ ይህ ማኅበር በመውለድ ራሱን ሊተካ አይችልም ነበር።

ከማዕድኑና ከፋብሪካው የተገፉት ቻይናውያን ወደ ከተማ፣ ይልቁንም ወደ ምሥራቅ ከተሞች ተበተኑ። በዚያም የተረፉላቸው ሥራዎች ሁለት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ልብስ ማጠብና ምግብ ማብሰል። ሁለቱም የሴት ሥራ ተብለው ስለሚናቁ ነጩ ሠራተኛ አልተሻማቸውም፤ ብዙ እንግሊዝኛም አይጠይቁም ነበር። ለመነሻ የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ከባንክ ሳይሆን የአንድ አገርና የአንድ ዘር ስም ያላቸው ሰዎች እየተሰበሰቡ ከሚያዋጡት ተራ በተራ ከሚወሰድ ገንዘብ ነበር። ቻይናውያን ይህን ልማድ «ኹዊ» ይሉታል፤ ዕቁብን ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ምግቡ ግን ከሰዎቹ የተሻለ ዕድል አገኘ። በ1896 ሊ ሆንግዣንግ የተባለው ታላቅ የቻይና ሹም ኒውዮርክን በጐበኘ ጊዜ ጋዜጦች ስለ ምግቡ ሳይቀር ስለ ጻፉ የከተማው ሕዝብ የቻይናን ምግብ ለመቅመስ ተነሣሣ። «ቾፕ ሱይ» የተባለውን ወጥ የፈጠረው የዚህ ሹም ወጥ ሠሪ ነው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ነገር ግን የወጡ ስም በኒውዮርክ ቻይናውያን ጽሑፍ በ1880ዎቹ ይገኛልና ወሬው ሊታመን አይገባም። ቃሉ በካንቶን ቋንቋ የተለያየ ቍርጥራጭ ማለት ሲሆን፣ ሥጋና አትክልት አንድነት ተከትፎ የሚበስል የድኻ ምግብ ነው። ዋጋው ርካሽ ስለ ነበረና ቤቶቹ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ስለሚሆኑ የቲያትር ሰዎች፣ የአይሁድ ስደተኞች፣ ጥቍሮች አሜሪካውያንና የቢሮ ሠራተኞች ደንበኛ ሆኑ። የነጮች የሠራተኛ ማኅበሮች በዚህ አልተደሰቱም። የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን በዘመነ ክልከላው ባሳተመው መጽሔት የሁለቱን ሕዝቦች ጠብ የሥጋና የሩዝ ጠብ አድርጎ አቀረበው፤ ሩዝ የሚበላ ሰው በትንሽ ደመወዝ ስለሚያድር ሥጋ የሚበላውን ያጠፋዋል የሚል ነው። በአንዳንድ ከተማም ነጭ ሴቶች በቻይና ምግብ ቤት እንዳይሠሩ ወይም እንዳይገቡ ለመከልከል ተሞክሯል።

እዚህ ላይ የነገሩ ቍልፍ የሚገኘው በሕጉ ውስጥ ነው። የ1882ቱ ሕግ የከለከለው የጉልበት ሠራተኛን ነበር፤ ነጋዴ፣ ተማሪ፣ አስተማሪና መንገደኛ ግን መግባትና መመለስ ይችሉ ነበር። በ1893 የወጣው ማሻሻያ ነጋዴ ማለት በታወቀ ቦታ ሸቀጥ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ለንግዱ ከሚያስፈልገው በቀር በእጁ የማይሠራ ሰው ነው ሲል ወሰነ፤ ይህንንም ቻይናውያን ያልሆኑ ሁለት የታመኑ ምስክሮች ሊያረጋግጡለት ይገባ ነበር። በ1900 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነጋዴ ሚስትና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ የተለየ ወረቀት ሳይጠየቁ ይግቡ ብሎ ፈረደ። እንግዲህ ነጋዴ መባል ገንዘብ ከማግኘት የሚበልጥ ጥቅም ነበረው፤ ወደ ቻይና ሄዶ ለመመለስ፣ ሚስትንም ለማምጣት የሚያስችል መብት ነበር። ምግብ ቤት የያዘ ሰው ግን ሸቀጥ ሻጭ ሳይሆን ምግብ አብሳይ ነው ተብሎ ከዚህ መብት ውጭ ቈየ።

በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም እንደ ነጋዴ ሊቈጠር ይችላል ብሎ ፈረደ። የስደት መሥሪያ ቤት ሹማምንት ፍርዱን ሲፈጽሙ በሩን ጠባብ አደረጉት፤ ምግብ ቤቱ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው እንዲሆን፣ ሰውዬው ዋና ባለ ድርሻ ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያስተዳድር፣ በዚያም ዓመት ወጥ እንዳይሠራ፣ ሳሕን እንዳያጥብ፣ ማዕድ እንዳያሳልፍ ጠየቁ። አንድ ድኻ ስደተኛ ይህን ሁሉ ብቻውን ሊያሟላ አይችልም። ስለዚህ ዘመዳሞችና የአገር ልጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው የተሸለመ አዳራሽ ያለውን ትልቅ ምግብ ቤት በሽርክና ይከፍታሉ። ከሸሪኮቹ አንዱ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ሥራ አስኪያጅ ሆኖ፣ ልብሱን አሳምሮ፣ እጁን ከሥራ አቅቦ ይቀመጣል፤ የነጋዴነት ወረቀቱን ሲያገኝ ወንበሩን ለሚቀጥለው ይለቃል። የትናንቱ አስኪያጅ ወደ ምድጃው፣ የትናንቱ ወጥ ሠሪ ወደ አስኪያጅነቱ ይዛወራሉ። ወረቀቱን ያገኘው ሰው ቻይና ደርሶ ሲመለስ ቤተ ሰቡን ለማምጣት ይሞክር ነበር። በኒውዮርክ ከተማ የቻይና ምግብ ቤቶች ቍጥር ከ1910 እስከ 1920 አራት እጥፍ ሆነ፤ ከ1920 እስከ 1930ም ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ከተሜው የቻይናን ምግብ መውደዱ የዚህ እድገት አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ምግብ ወዳድ ሕዝብ ደንበኛ ይሆናል እንጂ ሸሪክ አያበዛም። ሸሪኮቹን ያበዛቸው ሕጉ ነበር።

የሕጉን ግራ መጋባት ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው የ1925 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት የወጣው የስደት ሕግ የአሜሪካን ዜግነት ሊያገኝ የማይችል ሰው ሁሉ ለመኖር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን በሁለት ክርክሮች ፈረደ፤ ከቻይና ጋር የተደረገው ውል ስለሚጠብቃቸው የቻይናዊ ነጋዴ ሚስትና ልጆች ይግቡ፤ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ቻይናዊ ሚስት ግን አትግባ ተባለ። በአሜሪካ ምድር የተወለደ ቻይናዊ ዜጋ መሆኑን ራሱ ፍርድ ቤቱ በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጕዳይ ወስኖ ነበር። ስለዚህ በሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ በመርጫ ጊዜ ድምፁን የሚሰጥ ሰው ሚስቱን ከካንቶን ማምጣት ሲሳነው፣ ዜግነት የተነፈገው የምግብ ቤት ሸሪክ የነጋዴነት ወረቀቱ በእጁ ካለ ሚስቱን ሊያስመጣ ይችል ነበር። በ1930 ሕጉ ከ1924ቱ ሕግ በፊት ለተጋቡት ብቻ ተሻሽሏል።

ወረቀት ያላገኙት ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1906 በሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የከተማውን የልደት መዝገብ ስላጠፋው ብዙዎች በአሜሪካ ተወልጃለሁ ብለው አስመዘገቡ፤ ከዚያም በቻይና ወለድሁት የሚሉትን ልጅ ስም ለሌላ ሰው ይሸጡ ነበር። የወረቀት ልጅ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከ1910 እስከ 1940 በኤንጀል ደሴት የሚመረምሩት ሹማምንት የመንደሩን ቤቶች ቍጥር፣ የደጁን ደረጃዎች፣ የሩዙን ዕቃ መቀመጫ ሳይቀር እየጠየቁ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ይደክሙ ነበር። ምርመራውን ያለፈው ወጣት አባቱ በተባለው ሰው ስም እየተጠራ በአጐቱ ማድ ቤት ሳሕን ሲያጥብ ዕድሜውን ይፈጽማል፤ ልጆቹም የእውነተኛ ቤተ ሰባቸውን ስም ሳያውቁ ያደጉ ብዙ ናቸው።

የ1943ቱ ሕግ ክልከላውን ሲሽር ለቻይናውያን የሰጠው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። ታላቁ ለውጥ የመጣው በዘር ላይ የተመሠረተውን ድልድል በሻረው በ1965 ሕግ ነው። ከሆንግ ኮንግና ከታይዋን የመጡት አዲስ ወጥ ሠሪዎች የሲቿንንና የሁናንን ምግብ ካስተዋወቁ በኋላ ቾፕ ሱይ ከገበታው እየጠፋ ሄደ።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የምግብ ቤቱን ሥራ የወረሱት ግን ከፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ከፉጆ ከተማ አካባቢ የመጡ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ከጓንግዶንግ ሰዎች ጋር በቋንቋ እንኳ አይግባቡም። ብዙዎቹ በስውር የገቡ ሲሆኑ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአሻጋሪ ደላሎች እስከ 30 ሺህ ዶላር ይከፍሉ ነበር። በሰኔ 1993 ጎልደን ቬንቸር የተባለች መርከብ 286 ስደተኞች ይዛ በኒውዮርክ ሮካዌይ ዳርቻ ከአሸዋ ላይ ወጥታ ስትቀር 10 ሰዎች ወደ ባሕሩ ዘለው ሞቱ። በሕይወት የተረፉት ግን፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ የጕዞው ዕዳ ይጠብቃቸው ነበር። ዕዳውን የሚያስከፍለው ሥራ ደግሞ ማድ ቤት ነበር።

በማንሃታን ድልድይ ሥር በኢስት ብሮድዌይ አካባቢ በነበሩት የሥራ ደላሎች ቢሮዎች ማስታወቂያዎቹ ብዙ ጊዜ የከተማውን ስም አይጠቅሱም ነበር፤ የስልኩን መነሻ ቍጥር፣ ከኒውዮርክ የአውቶቡሱን ጕዞ ሰዓትና የወሩን ደመወዝ ይጽፋሉ። ተቀጣሪው በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ ስሟን በማያነባት ትንሽ ከተማ ይወርዳል፤ አሠሪው በተከራየለት ቤት ከሌሎች ወጥ ሠሪዎች ጋር ያድራል፤ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። ቤቱና ቀለቡ የአሠሪው ስለ ሆኑ ገንዘቡ ለዕዳው ይተርፋል፤ ከአሠሪው ተጣልቶ ሥራ ቢለቅ ግን ማደሪያውንም በዚያው ሰዓት ያጣል። አሠሪው ብዙ ጊዜ የአገሩ ሰው፣ እርሱም ትናንት ባለ ዕዳ የነበረ ነው። የወገን መረዳዳት ስደተኛውን አቁሞታል የሚሉ ጸሐፊዎች እውነት ይናገራሉ፤ ሆኖም ይኸው መረዳዳት ደመወዙን ዝቅ፣ አፉንም ዝግ ያደርግበት እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በማንሃታን የቻይና ሰፈር የአንድ ትልቅ ምግብ ቤት አሳላፊዎች በ1980 የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር ያቋቋሙት ከነጭ አሠሪ ጋር ሳይሆን ከወገናቸው ጋር ተከራክረው ነው።

በእነዚህ ዓመታት የተወለዱት ሕፃናት ታሪክ የተለየ ነው። እናትና አባት ሁለቱም በማድ ቤት ስለሚውሉ ብዙዎቹ ልጃቸውን በጥቂት ወር ዕድሜው ወደ ፉጂያን፣ ወደ አያቶቹ ይልኩት ነበር፤ የአሜሪካ ዜጋ ነውና ለትምህርት ሲደርስ ያለ ችግር ይመለሳል። በዘመነ ክልከላው አባት ልጁን ለማምጣት ምግብ ቤት ሲከፍት፣ አሁን ምግብ ቤቱን ለማቆም ልጁን ሰደደ። የተመለሰው ልጅ ከወላጆቹ ጋር እንደ እንግዳ ይተዋወቃል፤ ከትምህርት ቤት መልስ በምግብ ቤቱ ጥግ ገበታ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ፣ ስልክ እያነሣ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ከግብር መሥሪያ ቤት የሚመጣውንም ደብዳቤ ለአባቱ ይተረጕማል።

በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የነበሩት የቻይና ምግብ ቤቶች 40 ሺህ ያህል ይደርሱ ነበር። ከ2014 በኋላ በነበሩት 5 ዓመታት ግን በትልልቆቹ ከተሞች ድርሻቸው እየቀነሰ መሄዱ ታይቷል። የተዘጉት ሁሉ ከስረው አይደለም፤ ባለቤቶቹ ሲያረጁ ልጆቻቸው ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ዐዋቂ ሆነው ስለ ተገኙ ድስቱን የሚረከብ ሰው ጠፍቶ ነው።