ሁለት እንግዶች በጄኔቭ

ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች «ከዚህ በኋላ ምን ትማራላችሁ?» የሚል ጥያቄ ከወላጆቻችንም ከመምህራኖቻችንም ይቀርብልናል። ከመካከላችን ሕግን፣ ይልቁንም መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚዳኙበትን የዓለም ሕግ ለመማር ያሰብን አለን። ምክንያታችንን በአንድ ታሪክ ለመግለጽ እንወዳለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1923 ዓ.ም. ሁለት እንግዶች በጄኔቭ ከተማ የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ደጅ መቱ። አንደኛዋ አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። ስለ ባሪያ ንግድ ብዙ ከተጠየቀችና ይህንኑ ለማጥፋት ቃል ከገባች በኋላ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን የማኅበሩ አባል ሆነች።

ሁለተኛው ደስካሄ የሚባል የካዩጋ ነገድ አለቃ ነበር። የእርሱ ወገኖች የሆኑት ስድስቱ ነገዶች የአሜሪካ ምድር ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ፣ በካናዳ በግራንድ ወንዝ አጠገብ ይኖራሉ። ለእንግሊዝ ንጉሥ ወግነው ስለ ተዋጉ በ1784 ዓ.ም. በዚያ መሬት ተሰጥቷቸው ነበር። ራሳቸውንም የንጉሡ ወዳጆች እንጂ ገባሮች አድርገው አይቈጥሩም ነበር። የካናዳ መንግሥት ግን በራሱ ሕግ ሊያስተዳድራቸው ስለ ፈለገ፣ ደስካሄ የሕዝቡን ፓስፖርት ይዞ ባሕር ተሻገረ። አየርላንድ፣ ፋርስ፣ ፓናማና ኤስቶኒያ አቤቱታው እንዲታይለት ደገፉት። እንግሊዝ ግን ጉዳዩ የካናዳ የውስጥ ጉዳይ ነው ብላ ተቃወመች። ደስካሄ ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠና፤ ማኅበሩም ሳይሰማው ቀረ። እርሱ በዚያ ሳለ፣ በ1924 ዓ.ም. የካናዳ መንግሥት የአባቶቹን ሸንጎ ሻረው። በ1925 ዓ.ም. ከመንደሩ ርቆ፣ በአሜሪካ በኩል ባለው ምድር ሞተ።

ለመሆኑ አንደኛዋ ስትገባ ሁለተኛው ስለ ምን ውጭ ቀረ? በደሉ አንሶ አይደለም። የዚያ ዘመን ሕግ የሚያውቀው መንግሥትን እንጂ ሕዝብን ስላልነበረ ነው።

ይሁን እንጂ መግባቱም ብቻውን አላዳነንም። ጁን 30 ቀን 1936 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው የኢጣልያንን ግፍና የመርዝ ጋዙን ነገር ተናገሩ። በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ አነሣ።

ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያ ለሌላው ተሟጋች ሆነች። በ1960 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋራ ሆና ደቡብ አፍሪቃን ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪቃ ሕዝብ በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ1966 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅም ሁለቱ አገሮች በጉዳዩ የራሳቸው መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ነገር ግን ክርክሩ በዚያ አልቆመም። በ1971 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪቃ በዚያች አገር መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። በ1990 ዓ.ም. ናሚቢያ ነፃ ወጣች።

የደስካሄም ነገር ተረስቶ አልቀረም። በ2007 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ ነባር ሕዝቦች መብት የወጣውን መግለጫ በ144 ድምፅ ተቀበለ። መግለጫው ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው በግድ እንዳይነቀሉ ይላል። ካናዳን ጨምሮ አራት መንግሥታት በጊዜው ተቃወሙ፤ ኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። ኢትዮጵያ ድምፅ በተሰጠበት ሰዓት አልተገኘችም። ስለ ሌላው ሕዝብ ስድስት ዓመት ያህል የተሟገተች አገር በዚያ ቀን መቅረቷ እኛን ያሳስበናል። በገዛ አገራችንስ ስለ መሬቱ ደጅ የሚጠና ወገን የለምን? ሕግ ለመማር የሚነሣ ተማሪ ይህን ጥያቄ ለካናዳ ብቻ ሊተወው አይገባም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። ደስካሄን ያሳዘነው መሬቱን ማጣቱ ብቻ አልነበረም፤ የሚሰማው ዳኛ ማጣቱም ነበር። እንግዲህ ሕግን የምንማረው በካባና በማዕረግ ለመታየት ብቻ ከሆነ ድካማችን ከንቱ ነው። ውጭ የቆመው ሰው አቤቱታ በምን መንገድ ወደ ውስጥ እንደሚገባ ለማወቅ ከሆነ ግን፣ ወላጆቻችን የከፈሉልን የትምህርት ዋጋ በከንቱ አልጠፋም።