የአባ መላ ጥርጣሬ

«ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ፖለቲካ ከስድብ ብዙም አይርቅም። በተለይ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ያለው ታሪክ ሲነገር ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀለት ነው። በአንድ ወገን ማተሚያ ቤትና ትምህርት ቤት የሚከፍት ወጣት አልጋ ወራሽ፣ በሌላው ወገን መንገድ የዘጉ ሽማግሌ መኳንንት። የሽማግሌዎቹ አውራ ደግሞ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራውን ድልድይ በየቀኑ ስንት ሰው ይሻገረዋል። ምን ያስቡ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ፊታውራሪው የጻፉት ነገር የለም። ፊደል እንዳልቆጠሩ ነው የሚነገረው፤ ሕዝቡም የሚያስታውሳቸው በፍርድ አዋቂነታቸው ነው። ስለዚህ አቋማቸውን ከሥራቸው ማንበብ ግድ ይላል። ከጨቦ ምድር በምኒልክ ጦር ተማርከው መጥተው፣ በችሎታቸው ወጥተው፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ዘር ቆጥረው አልጋ ሊመኙ የሚችሉ ሰው አልነበሩም፤ ጉልበታቸውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። በ1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ ሲገለሉ ከሸዋ መኳንንት ጋር ነበሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩም ነበሩበት፤ ከአንድ ወር በኋላ ሰገሌ ላይ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሲሸነፍም ነበሩ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ ይወገዱ ሲል፣ እርሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው የጦር ሚኒስትር እንደሆኑ ቀሩ።

ከሰገሌ በኋላ የቆመው መንግሥት እንግዳ ነገር ነበር። ዘውዱ በዘውዲቱ ራስ ላይ፣ የዕለት ሥራውና የውጭ ጉዳዩ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እጅ፣ ጦሩ በፊታውራሪው እጅ። ማንም ይህን ሕገ መንግሥት ብሎ አልጻፈውም። ቢሆንም አንዱ ሌላውን ሳያማክር ትልቅ ነገር መቁረጥ አይችልም ነበር። አልጋ ወራሹና በዙሪያቸው የነበሩት የተማሩ ወጣቶች ይህን እንደ ማነቆ አዩት፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነበር። ፊታውራሪው ግን የሚቃወሙት መኪናውን ወይም ባቡሩን አልነበረም። የፈሩት አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ መያዙን ነው፤ ከዚያ ደግሞ ባዕድ ሰነድ ይዞ መግባቱን።

የሁለተኛው ፍርሃት ምክንያት ሩቅ አይደለም። ይህ ትውልድ ውጫሌን ያየ ነው፤ አንድ የውል አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም ይዞ ሀገር ለጦርነት ሲያበቃ አይቷል። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን የጥቅም ክልል አድርገው በወረቀት ሲከፋፈሉ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ። እንግዲህ ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያን የመንግሥታት ማኅበር አባል ለማድረግ ሲነሡ፣ ከወግ አጥባቂዎቹ የመጣው ጥያቄ የመሃይም ጥያቄ አልነበረም፤ ባርነትንና የመሣሪያ ንግድን በሚመለከት ለአውሮፓውያን ቃል ከገባን፣ ነገ ቃላችሁን አልጠበቃችሁም ብሎ የሚመጣው ማን ነው?

ያም ሆኖ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ማኅበሩ ውስጥ ገባች፤ ልጅ ኢያሱ በተሻሩ ልክ በሰባት ዓመቱ። በዚያው ዓመት ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ። ራስ ተፈሪም ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው አውሮፓን ዞሩ። (ተቀናቃኝ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁለቱን እንግዳ አድርጎ ይዞ መሄድ ከአባ መላ ትምህርት ቤት የወጣ ብልሃት ይመስላል።) ሲመለሱ አንዱን የቴዎድሮስን ዘውድ ይዘው መጡ፣ የባሕር በር ግን አልያዙም።

መጀመሪያ የቀናቸው ራስ ተፈሪ ናቸው። በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ባቡር መሥመር እርስ በርሳቸው ደብዳቤ ተለዋውጠው ኢትዮጵያን ሲካፈሉ፣ አልጋ ወራሹ በሰኔ ጉዳዩን ለማኅበሩ አቀረቡት። ሁለቱ ኃያላን እንዲህ ማለታችን አልነበረም እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፊታውራሪው ይህን አይተው በስድስት ወራቸው ሞቱ። በ1928 ዓ.ም. የሆነውን አላዩም። ያን ጊዜ ጄኔቭ ላይ ንግግር እንጂ ጦር አልተገኘም።

ታዲያ አባ መላ ልክ ነበሩ ማለት ነው? በግማሹ። ማኅበሩ እንደማያድን የገመቱት ደርሷል። ነገር ግን ውጭ መቅረትም አያድንም ነበር፤ የ1899ኙ ክፍፍል የተፈረመው ማኅበር የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ጣሊያን ወረራውን ለዓለም ሲሸጥ በእጁ የያዘው ትልቁ ዕቃ የባርነት ክስ ነበር። ያንን ዕቃ ያቆዩለት «ቀስ ይበል» ሲሉ የኖሩት ናቸው።

ወደ አገር ቤቱ ጉዳይ ሲመጣ ፍርዱ ይከብዳል። የቦረናን ዘመቻ የመሩት ፊታውራሪው ናቸው፤ በደቡብ የሰፈረው ወታደርም የሚኖረው በደመወዝ ሳይሆን በገባር ነው። ገባሩ እህልና ማር ይከፍላል፣ ለመልከኛው እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱ ትፈጫለች። የጦር ሚኒስትሩ ጉልበት በመጨረሻ የቆመው በዚያች ሴት ወፍጮ ላይ ነው። አልጋ ወራሹን የሚገታው ሚዛን፣ ገባሩን የሚገታለት ግን አልነበረም። በምርኮ የመጡት ሰው ስለዚህ ምን ይሰማቸው እንደነበር የሚነግረን የለም፤ ሥርዓቱን ግን አልነኩትም። ወግ አጥባቂነታቸው የተሸነፈው እዚህ ይመስላል። ሊጠብቁት የፈለጉት የሥልጣን ክፍፍል ከራሳቸው ሠራዊትና መሬት ውጭ የሚቆምበት ምሰሶ አልነበረውም።

በ1919 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሞቱ። ራስ ተፈሪ ጊዜ አላባከኑም፤ የፊታውራሪውን ጦርና መሬት በእጃቸው አስገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ማስረጃ ነው። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ብዙ ጦር አስከትለው መጥተው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። እርሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ ራስ ካሳ ጦራቸውን በገንዘብና በማግባባት በተኑት፤ ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። በዓመቱ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ወደቁ፤ በላያቸው አውሮፕላን እየበረረ። በሁለተኛው ቀን ዘውዲቱ አረፉ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ወጣ። አሁን ሥልጣኑ ተጽፏል። ዘውዱ ከአንድ ቤት እንዳይወጣ ተደንግጓል፣ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ ሚኒስትሮቹም የሚጠየቁት ለእርሳቸው ነው። የተማሩት ወጣቶች በደስታ ተቀበሉት፤ ማነቆው ተወግዷልና። ባልቻ በዚያን ጊዜ ከሥልጣን ተነሥተው ከዓለም ርቀው ነበር። ጣሊያን ሲገባ ግን ጠመንጃቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሲዋጉም ሞቱ።