የአጥንት ምስል መቼ ያስፈልጋል? የአንድ ውሳኔ ታሪክ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን የወረሰው በሥፍራው ከነበረው የሽቦ አልባ መገናኛ ጣቢያ ነው። በዐይን የማይታይ ሞገድ መልእክት ማድረሱ በጊዜው እንዳስደነቀ ሁሉ፣ የማይታይ ጨረር የአጥንትን ምሥጢር መግለጡም ሐኪሞችን አስደንቋል። ይሁን እንጂ ማንኛውም መሣሪያ «ምን ያሳያል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «መቼ ያስፈልጋል?» የሚለውን ያስከትላል። የፕሮስቴት ዕጢ ካንሰር ምርመራ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። (ዘመናቱ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ካንሰር ከዕጢው አልፎ ሲዛመት አዘውትሮ የሚያርፈው በአከርካሪና በዳሌ አጥንት ላይ ነው። ሮንትገን በ1895 ያገኘው ራጅ ጉዳቱን የሚያሳየው የአጥንቱ ማዕድን በብዙ ከተለወጠ በኋላ ነው። በ1971 ሱብራማኒያንና ማካፊ ቴክኒሺየም 99ኤምን ከፎስፌት ጋር አዋሕደው ለአጥንት ምርመራ አቀረቡ። ውሑዱ አጥንት በሚታደስበት ሥፍራ ስለሚከማች፣ አንገር በ1950ዎቹ በፈለሰፈው ጋማ ካሜራ መላውን አጽም መመልከት ተቻለ። ነገር ግን የቆየ ስብራትና የመገጣጠሚያ ሕመምም እንደ ካንሰሩ ሁሉ ደምቀው ይታያሉ።

ምርመራው ለሕመምተኛ ሁሉ ይታዘዝ በነበረበት ወቅት፣ ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ አዲስ ሚዛን አስገኘ። በ1991 የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ521 ሕመምተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፒኤስኤው በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖግራም ያልበለጠ ሰው አጥንቱ ነጻ የመሆን ዕድሉ 99.7 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ወዲህ ካንሰሩ ዝቅተኛ ሥጋት ያለውና የአጥንት ሕመም የማይሰማው ሰው እንዲታለፍ፣ ፒኤስኤው ከፍ ያለ፣ የዕጢው ጠባይ የከፋ ወይም አጥንቱን የሚያመው ግን እንዲመረመር የሚያዝዝ መመሪያ ጸና። እግሩ በድንገት የዛለበት ሕመምተኛ ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ አከርካሪው ሊታይ ይገባል።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ጉዳዩ ግልጽ ነው። የቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት፣ የሚመነጭበት የሞሊብዴነም 99 ደግሞ 66 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የኑክሌር ማብላያ በሌላት አገራችን ንጥረ ነገሩ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በመጋዘን ተከማችቶ አይቆይም። ስለዚህ ለማያስፈልገው ሰው የዋለ ምርመራ፣ ወገቡን እያመመው ከላፍቶ ተነሥቶ ወረፋ ከሚጠብቅ አባት ላይ የተወሰደ ነው። የመለኪያ ጥቅሙ ውሳኔን ሲለውጥ ነውና፣ አለመለካትም በዕውቀት ሲሆን የሙያ ግዴታ ነው።