ከኢብኑ ሲና እስከ ቶሮንቶ፦ ስኳር ያለባቸው ልጆቻችንና የኢንሱሊን ታሪክ



ረመዷን ሲቃረብ ከወጣቶች የሚደርሰን አንድ ጥያቄ አለ፦ "ዓይነት 1 ስኳር አለብኝ፣ ባልጾም ሰው ምን ይለኛል?" መልሱን ከታሪክ እንጀምረው።

ሙስሊም ሐኪሞች ይህን በሽታ ያውቁት ነበር። ኢብኑ ሲና (980-1037) "አል-ቃኑን" ላይ የሽንቱን መጣፈጥ ጽፏል። ዐብዱል-ለጢፍ አል-በግዳዲም በዚሁ በሽታ ላይ ራሱን የቻለ ድርሳን አዘጋጅቷል። ሱብሓነላህ፣ እንኮራለን። ግን እውነቱን እንናገር፦ ሕፃኑን የሚያድን መድኃኒት በእጃቸው አልነበረም፤ በዘመኑ በማንም እጅ አልነበረም።

በዓይነት 1 ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋል። ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፣ የእናትም ጥፋት አይደለም። ከ1922 በፊት የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። የአሜሪካው ሐኪም ፍሬድሪክ አለን የሚታወቅበት ሕክምና ማስራብ ነበር፤ ልጆቹ ቆዳና አጥንት ሆነው ጥቂት ጊዜ ይጨመርላቸዋል።

በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት በፕሮፌሰር ማክላውድ ላቦራቶሪ ከውሻ ቆሽት ጭማቂ አወጡ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ተወጋ። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ ነበር። ብዙም አልሠራም፤ የተወጋበትም ቦታ መግል ቋጠረ። ያኔ ተስፋ ቢቆርጡ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር። ኮሊፕ የተባለው ኬሚስት መድኃኒቱን አጣራው፣ ጃንዋሪ 23 እንደገና ተሰጠ፣ የልጁ ስኳር ወረደ። ሊዮናርድ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ባለመብቶቹም ፓተንቱን ለዩኒቨርሲቲው በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ሸጡት።

ሌላም ጉዳይ ነበር። ለአሥርት ዓመታት ኢንሱሊን የሚወጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር። የሙስሊም ወላጅን ጭንቀት አስቡት። ብዙ ዑለሞች ሌላ አማራጭ ከሌለ በደሩራ፣ ማለትም በአስገዳጅ ሁኔታ፣ ይፈቀዳል አሉ። በ1978 የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ አማካይነት ተሠራ፤ በ1982 አሜሪካ ለሕክምና አጸደቀችው። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው በዚህ መንገድ የሚመረተው ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ለታመመ ሰው ያደረጉትን ማግራራት ሁላችንም እናውቃለን። ዓይነት 1 ላለበት ብዙ ልጅ ጾም አደገኛ ነው፤ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል ወይም ከልክ በላይ ይወጣል። ውሳኔው ከሐኪሙና ከዐሊም ጋር የሚመከርበት እንጂ የጓደኛ ሐሜት የሚወስነው አይደለም። ሩቅያ ይደረግለት፣ ዱዓም ይደረግ፤ ኢንሱሊኑ ግን ለአንድ ቀንም አይቋረጥ። "ዳንኩ" ብሎ መርፌውን መተው ሕይወት ያስከፍላል።

መድረሳም ሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ሽንት ቤት ተደብቆ የሚወጋ ወንድም፣ የምትወጋ እህት አለች። ለምን ይደበቃሉ? ከሚስቁባቸው መካከል እኛም ነበርንበት። እናንተ ግን ይህን እወቁ፦ በድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ ስኳሩ ወርዷልና ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለስላሳ ወዲያው አጠጡት፣ ጾመኛም ቢሆን። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።