በላይክን ላይ የሚኖሩ ፈንገሶች ጥናት ታሪክ

ላይክን በድንጋይና በዛፍ ቅርፊት ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ የሚታይ፣ ፈንገስና አልጌ ተቆራኝተው የሚመሠርቱት አካል ሲሆን፣ አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ሲያዘጋጅ ፈንገሱ መጠለያውን ይሠራል። ይህንኑ አካል መኖሪያቸው ያደረጉ፣ ከእርሱ ተለይተው የማይገኙ ሌሎች ፈንገሶችም አሉ፤ ጥናታቸው የዘገየውም ደቃቅ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን አስተናጋጃቸው ራሱ ምን እንደሆነ ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ በመቆየቱ ነው።

ስዊድናዊው ኤሪክ አካሪየስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይክኖችን በየወገናቸው ሲመድብ፣ ላይክን ራሱን የቻለ አንድ ዕፅ እንደሆነ ይታመን ስለነበር፣ በላዩ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ በቀላሉ የራሱ ፍሬ፣ ማለትም ስፖር የሚባለው የመራቢያ ብናኝ የሚፈጠርበት ክፍል ተደርጎ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር ላይክን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት መሆኑን ሲያስታውቅ ብዙ ሊቃውንት ተቆጡ፤ በፓሪስ ይኖር የነበረው ፊንላንዳዊው ኒላንደር እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለውም። ሆኖም ባለቤቱ ሲታወቅ እንግዳውን መለየት ተቻለ። በ1869 የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም የነበረው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ላውደር ሊንድሴ ስለእነዚህ ፈንገሶች ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ፤ በ1897 ደግሞ ጀርመናዊው ቪልሄልም ጾፕፍ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ላይክኑን ሳይገድሉ በውስጡ ካለው አልጌ ጋር የራሳቸውን ቁርኝት እንደሚመሠርቱ ገልጾ፣ ሁሉንም በሽታ አምጪ አድርጎ ማየት ስሕተት መሆኑን አመለከተ።

ሥራውን ከሁሉ ይልቅ መልክ ያስያዘው ግን ፈረንሳዊው ካህን ሌዎን ቩዎ ነው። በናንሲ አቅራቢያ በላ ማልግራንዥ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ይህ ሰው፣ በአንድ በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ስም የተጻፉትን ጥንታዊ የገድል ጽሑፎች ተርጉሞና አብራርቶ በ1913 ሲያሳትም፣ በሌላ በኩል በየመጽሔቱ ተበታትነው የነበሩትን የላይክን ጥገኛ ፈንገሶች መግለጫዎች ሰብስቦ፣ እያነጻጸረና እያረመ፣ ከ1912 እስከ 1914 በፈረንሳይ የፈንገስ ጥናት ማኅበር መጽሔት በተከታታይ አወጣ። ሁለቱ ሙያዎች የተራራቁ ቢመስሉም የሚጠይቁት ትዕግሥት አንድ ነው፤ የጥንት ጽሑፍ መርማሪ የኋለኛውን እጅ ጭማሪ ከዋናው ድርሰት እንደሚለይ ሁሉ፣ ቩዎም በላይክኑ ላይ የሰፈረውን ከላይክኑ ይለይ ነበር። በነሐሴ 1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የሎሬንን አካባቢ ባጥለቀለቀ ጊዜ በዣርኒ ከተማ የጀርመን ወታደሮች ረሸኑት። ስለ ቅዱስ ጴጥሮስ ገድል ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1922 ታተመ፤ ቩዎክሲየላ እና ቩዎክሲዮማይሰስ የተባሉት የፈንገስ ወገኖችም በስሙ ተሰይመዋል።

ጥናቱ ዳግም የተነቃቃው በ1970ዎቹና 80ዎቹ፣ በተለይ በእንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክስዎርዝ ሥራዎች ሲሆን፣ ፖል ዲደሪክና ባልደረቦቹ በ2018 ያወጡት ዝርዝር 2,000 ያህል ዓይነቶችን ይዟል። ብዙዎቹ በአንድ የላይክን ወገን ላይ ብቻ የሚኖሩ ስለሆኑ፣ ያ ላይክን በተበከለ አየር ከአንድ አካባቢ ሲጠፋ እነርሱም አብረውት ይጠፋሉ።