ሽፋኑ ላይ በትንሽ ፊደል

ኃይሉ መርጊያ ከ2013 ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ አንድ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ፌስቲቫል በተጠራ ቁጥር፣ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ስለ እሱ የሚጻፈው ወሬ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል። በዋሽንግተን አቅራቢያ ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ የነበረ፣ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይለማመድ የነበረ፣ የተረሳና እንደገና የተገኘ ሙዚቀኛ። ታሪኩ እውነት ነው፣ ያምራልም። እኔን የቆረቆረኝ ግን በወሬው ውስጥ ባንዱ አለመኖሩ ነው። ቢኖርም በአንድ መስመር ተጠቅሶ ይታለፋል።

ባንዱ ዋልያስ ነው። (ዋልያ ላይ የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር «ስ» ለጥፈውበታል። መምህር የነበረ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ሊያሰምርበት የሚገባ ነገር ነው፤ ለጆሮ ስለሚጥም ግን ይለፍ። በዚያው ዘመን አይቤክስ የሚባል ባንድም ነበር፣ ኋላ ሮሃ የሆነው። አይቤክስም ያው የዋልያ ዘር ነው። አንዱን የሰሜን ተራራ አውሬ ለሁለት ተካፍለውታል።)

ዋልያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ሙዚቀኛ ማለት በአብዛኛው ደሞዝተኛ ማለት ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የቴአትር ቤት። ኃይሉ ራሱ በልጅነቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ነበር። ዋልያሶች ግን የየትኛውም ተቋም ንብረት አልነበሩም። ሒልተን ሆቴል ገብተው ለዓመታት ተጫወቱ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ አዲስ አበባ በጊዜ ስትዘጋ ጭፈራ ቤት የተገኘ ሰው በሩ ተቆልፎበት እስኪነጋ እዚያው ይጨፍራል። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ደግሞ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ብዙ ዜማ ይጠይቃል። አንድ ዘፋኝ እስከ ንጋት አይዘልቅም፣ መሣሪያው ነው የሚዘልቀው።

በ1977 «ጨ በለው» የሚለውን ሸክላ አሳተሙ። ጨ ማለት ፈረስ መንዳት መሆኑን ለጎጃሜ መንገር አያስፈልግም። ሸክላው ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ቫይብራፎን ይዞ ገብቷል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው ዜማ ያለው እዚህ ሸክላ ላይ ነው። ሳንሱር በነገሠበት ዘመን ስንኝ የሌለው ሙዚቃ ምን እንደሚሰረዝበት ሳስበው ፈገግ እላለሁ።

ታዲያ እነዚህን ስሞች ስንቶቻችን እናውቃቸዋለን? እኛ ዘፈን የምንለው ግጥሙን ነው። ክፍል ውስጥ «የምትወዱትን ዘፈን ንገሩኝ» ብዬ ስጠይቅ የሚመለስልኝ ሁልጊዜ ስንኝ ነበር፤ አንድ ተማሪ እንኳ ዜማውን አፏጭቶልኝ አያውቅም። በእኛ አገር በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናም በሞጣም፣ ቅኔ የሰውን ጆሮ ገርቶታል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ፍለጋ ይሄዳል፣ ዜማው እስኪያደርሰው ድረስ በቅሎው ብቻ ነው። ይህን እንዳልል ደግሞ የዚያው አገር እረኛ ዋሽንት ይነፋል፣ ያለ አንድም ቃል፤ ሰሚውም ምን እንዳለ ያውቃል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲያስፎክረው ግጥም የጎደለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ የጆሮአችን ብቻ አይመስለኝም።

አዝማሪን እንውሰድ። መሰንቆውን የሚመታውም ቃሉን የሚሰጠውም አንድ ሰው ነው፣ ስሙም አንድ ነው። የሆቴሉ ባንድ ሲመጣ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፦ ፊት የሚቆምና ኋላ የሚቆም። የካሴት ሽፋን ይህን ክፍፍል አጸናው። የዘፋኙ ፎቶ ሽፋኑን ይሞላል፣ የባንዱ ስም ከታች በትንሽ ፊደል ይጻፋል፣ የድራም መቺው ስም ከነጭራሹ የለም። በመርጡለ ማርያም ደብር ቅጥር ውስጥ ያለውን የድሮ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያየ ሰው ያውቀዋል። በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው ጌጥ ዛሬም ያስደንቃል። ያሠራችው ንግሥት እሌኒ መሆኗን ማንም ይነግርሃል። የፈለፈሉትን ሰዎች ስም የሚነግርህ የለም።

እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ይሞላዋል። በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒውዮርክ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በሸክላ አወጣ። ሸክላው ናይጄሪያ ውስጥ በ1970ዎቹ የተቀዳ ይመስል ነበር የቀረበው፤ ኒውዮርክ ላይ የተቀዳ ነው። ለተጫዋቾቹም የአፍሪካ ስም ፈጠሩላቸው። ፈረንጆቹ ላልነበሩ ሰዎች ስም ሲያወጡ፣ ዜማውን መጀመሪያ የተጫወቱት ሰዎች ስም እዚህ ከነካሴታቸው አቧራ ይጠጣ ነበር። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ መሳቅ ግን አልቻልኩም።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሄደ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላኬ እዚያው ቀሩ፣ ሌሎቹ ተመለሱ፤ ባንዱም በዚያው ለሁለት ተሰነጠቀ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የድራም ማሽን አቀናጅቶ አንድ ካሴት ቀዳ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ባለቤት ይህን ካሴት ያገኘው የት ነው? ባሕር ዳር። በሞጣ መንገድ ለሚወጣ የእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም፤ ስንቶቻችን ያንኑ ካሴት በእጃችን አገላብጠን መልሰነው ይሆን። በ2013 እንደገና ታተመ፣ በዓመቱ «ጨ በለው»ም ተከተለ። ግርማ በየነም ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከቆየ በኋላ በ2017 ከአካሌ ውቤ ጋር አልበም አወጣ፤ ስሙን ከአማርኛ ዘፈን የወሰደ የፓሪስ ባንድ ነው።

ኃይሉን ፌስቲቫል ላይ ለመስማት ትኬት የሚቆርጥ ሰው «የታክሲ ነጂው» ሲባል ሰምቶ ይሄዳል፣ ይሂድም። እኔ ከመሄዱ በፊት «ጨ በለው»ን አንድ ጊዜ ከቤዙ ጀምሮ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሳክስፎኑ ጀምሮ እንዲያዳምጠው እፈልጋለሁ። ከዚያ በ2016 ብሩክሊን በመድረክ ተቀድቶ በ2023 የታተመውን ይስማ። እዚያ ላይ የሚጫወቱት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ቤዝ ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራም ኬኔት ጆሴፍ።